«ባረቀበት»፦ ከመቅደላ እስከ መካነ ሰላም የጦር መሣሪያ አደጋ ታሪክ

መግቢያ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋዎች፣ በቦረና፣ በአማራ ሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በወግዲና በከላላ፣ ያለ ጠብና ያለ ጦርነት በጥይት የቆሰለ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ አስታማሚዎቹ የሚሰጡት ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቃል አያልፍም፤ «ባረቀበት» ይላሉ። ካርዱን የሚሞላው ባለሙያም ደም ለማቆም ይቸኩላልና ቃሉን እንደተነገረው ይቀበላል፤ ወይም «የጥይት ቁስል» ብቻ ብሎ ጽፎ ያልፋል። ቁስሉ ይታከማል፤ አጥንቱም ይጠገናል። የአደጋው ምክንያት ግን ሳይታወቅ፣ መሣሪያው በተሰቀለበት ምሰሶ ላይ እንዳለ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ አንድ ቃል ሥር የተሸፈነውን ታሪክ መግለጥ ነው። የጦር መሣሪያ በወሎ ደጋ ከተስፋፋበት ጊዜ አንሥቶ አሠራሩ እንዴት እንደተለወጠ፣ ከለውጡም ጋር የአደጋው መንሥኤ እንዴት እንደተዛወረ፣ በመጨረሻም የጤና ባለሙያው ከዚህ ምን ሊወስድ እንደሚገባው ይመረምራል።

ቃሉና ነገሩ

«ባረቀ» የሚለው ግሥ ከመብረቅ ጋር አንድ ሥር አለው። መብረቅ ወርዶ ሰው ሲገድል በምድር ላይ የሚጠየቅ አይኖርም። ጠመንጃ ባረቀ ሲባልም እንደዚሁ አድራጊው መሣሪያው ራሱ ሆኖ ይቀርባል፤ ያቀባበለው፣ ያስቀመጠው ወይም ምላጩን የነካው ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይወጣል። ተቃራኒው ግሥ «ከሸፈ» ነው፤ በዚህም ቢሆን ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። ሦስተኛው ቃል ግን ከሁለቱ የበለጠ ይናገራል። «ሽጉጥ» የሚለው ስም የመጣው «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ ነው። በወገብ፣ በብብት፣ በትራስ ሥር ወይም በእህል ውስጥ የሚሸጎጥ ነገር እንደሆነ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ብዙው የሽጉጥ አደጋ የሚጀምረውም ከዚሁ መሸጎጥ ነው።

ያልታሰበን ሞት ከታሰበ ግድያ የሚለይ ቃል ለማንኛውም ማኅበረሰብ ያስፈልገዋል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 የመጥረቢያው ብረት ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለ እንጨት ቆራጭ ወደ መማፀኛ ከተማ እንዲሸሽ ተፈቅዶለታል። ፍትሐ ነገሥትም በፈቃድ የተፈጸመን ግድያ ያለ ፈቃድ ከተፈጸመው ይለያል። የዳኛውና የካህኑ ጥያቄ ሰውየው ቂም ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚል ነው። የሐኪም ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል፤ ብረቱ ከዛቢያው የወለቀው ለምንድን ነው? ነገስ በሌላው ቤት እንዳይወልቅ ምን መደረግ አለበት?

የመቅደላ ትምህርት

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ሸለቆ በላይ የምትገኘው መቅደላ በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ አምባዋን እ.ኤ.አ. በ1855 ከያዙ በኋላ ምሽግ፣ ግምጃ ቤትና እስር ቤት አደረጓት። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎች ያፈሰሱላቸውን መድፎች፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ጭምር፣ ገደል እየተሰበረና መንገድ እየተቀደደ ወደ መቅደላ አስጓዙ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ እዚያው ይገኛል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ጋር በአሮጌ ሜዳ ሲገጥም፣ ከፍታው ላይ ከተጠመዱት ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ምክንያቱ ከመጠን በላይ መጉረሱ ነበር። በዚያ ዕለት ከንጉሠ ነገሥቱ ወገን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት ግን ከጥቂት ዐሥሮች አልበለጡም። በዚህ ሁሉ ዕልቂት መካከል የአንድ መድፍ መፈንዳት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለአደጋ ታሪክ ግን ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱ ተለይቶ የተመዘገበ የመሣሪያ አደጋ ነውና። መድፉ «ባረቀ» ተብሎ አልታለፈም፤ ማን እንደሞላውና ስንት እንደሞላው ተጠየቀ።

መቅደላ ሁለተኛ ትምህርትም ትታለች። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ለቆንስል ፕላውደን ላደረጉት ቸርነት ምስጋናዋን የሚገልጽ ጽሑፍ ያስቀረጸችባቸውን ሽጉጦች ልካ ነበር፤ ስጦታውን ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1862 ቆንስል ካሜሮን ነው። በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን እንደተረኩት፣ ከአሮጌ ውጊያ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በሽጉጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሲሞክሩ መኳንንቱ ተረባርበው እጃቸውን ያዙ፤ በግብግቡም መካከል ጥይቱ ጆሯቸውን ጨርፎ አለፈ። ሚያዝያ 6 ቀን ግን እጃቸውን የሚይዝ አልነበረም። አምባው ሲደፈር በዚያው በስጦታው ሽጉጥ ሕይወታቸው አለፈ። ይህ ታሪክ በሥነ ጽሑፋችን የጀግንነት መደምደሚያ ሆኖ ሲነገር ኖሯል። ለጤና ባለሙያ ግን ሌላም ገጽታ አለው። በጭንቅ ሰዓት መሣሪያውን ከሰው እጅ ማራቅ ጊዜ ይገዛል፤ የተገዛው ጊዜም ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመዝገቡ ሙሉነት ነው። የሽጉጡ ሰጪ፣ የመጣበት ዓመት፣ የተጻፈበት ቃል፣ ሰዓቱና ቁስሉ ታውቀዋል። በአምባው ታስረው ከነበሩት መካከል ሐኪሙ ዶክተር ሄንሪ ብላንክ ስለ ምርኮው በዚያው እ.ኤ.አ. በ1868 መጽሐፍ አሳትሟል። በዚሁ ደጋ በኋላ ዘመን የአባቱን መሣሪያ ነክቶ የሞተ እረኛ ግን በመዝገብ ላይ የሚኖረው አንድ ግሥ ብቻ ነው።

አሠራሩ ሲሻሻል ዕውቀቱ ከዓይን ሸሸ

በመቅደላ ዘመን አብዛኛው የአገራችን ጠመንጃ በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ነበር። ባሩድና እርሳሱ ከላይ ተጨምሮ በዘንግ ይጠቀጠቃል፤ እሳቱ የሚመጣው ከተለኮሰ ክር፣ ከባልጩት ወይም ከመዶሻ ሥር ከተቀመጠ ትንሽ ቆብ ነው። የዚያ ዘመን አደጋ ምንጩ የሚታይ ነበር። ክሩ ይጨሳል፤ የባሩዱ ቀንድ ከወገብ ተንጠልጥሏል፤ መሣሪያው ጎርሶ እንደሆነም ዘንጉን ወደ ውስጥ ሰዶ መለካት ይቻላል። ዋነኞቹ ጥፋቶች ሁለት ጊዜ ማጉረስና እሳትን ከባሩድ አለመለየት ነበሩ።

የናፒየር ሠራዊት ይዞት የመጣው ስናይደር ጠመንጃ ይህን ለወጠው። ጥይቱ ቀለህ ለብሶ ከኋላ ይጎርሳል። አማርኛ ስሙን «ሰናድር» ብሎ ተቀበለው። ናፒየር ሲመለሱም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለሆኑት ለካሣ ምርጫ ጠመንጃና መድፍ ሰጡ። በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት ውጅግራና ሌሎችም ከባሕር ማዶ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 አድዋ ላይ ኢትዮጵያ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቆጠር ዘመናዊ ጠመንጃ አሰለፈች። ከኋላ የሚጎርስ መሣሪያ ፈጥኖ ለመተኮስ ይመቻል፤ ነገር ግን መጉረሱ በውጭ አይታይም። ከፍቶ ያላየ ሰው አያውቅም።

በዚያው ዘመን የደረሰ አንድ የታወቀ አደጋ ችግሩን ያስረዳል። የነጭ ዓባይን ምንጭ በማሰስ ስሙ የገነነው እንግሊዛዊ ጆን ሃኒንግ ስፒክ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1864 በአገሩ ቆቅ ሲያድን ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ሲሻገር ጠመንጃው ባርቆበት ሞተ። ጥይቱ የገባው በግራ ደረቱ በኩል ነበር። የምርመራው ችሎት ሞቱ በአደጋ የደረሰ ነው ብሎ ወሰነ። ይሁንና በማግሥቱ ከተቀናቃኙ ከሪቻርድ በርተን ጋር በአደባባይ ሊከራከር ተቀጥሮ ስለነበር ራሱን አጥፍቶ ይሆን የሚለው ጥርጣሬ እስከ ዛሬ አልበረደም። የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ ካብ መሻገር በየትኛውም አገር ገዳይ ልማድ ነው፤ የቁስሉ አቀማመጥ፣ ርቀቱና የመሣሪያው ሁኔታ በወጉ ካልተመዘገበ ደግሞ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ይዘልቃል።

የተሽከርካሪ ሽጉጥ ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በቀድሞዎቹ ሥሪቶች መዶሻው በጎረሰችው ጥይት ላይ በቀጥታ ያርፍ ስለነበር መሣሪያው ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይተኩሳል። ጥንቁቅ ታጣቂዎች ስድስት ከሚይዘው አምስት ብቻ ያጎርሱና መዶሻውን በባዶው ጉድጓድ ላይ ያሳርፉ ነበር። ፋብሪካዎች ምላጩ ካልተሳበ በስተቀር መዶሻው ጥይቷን እንዳይነካ የሚከለክል ብረት የጨመሩት ቆይተው ነው። እንግዲህ «ወድቆ ባረቀ» የሚባለው አደጋ የንድፍ ጉድለት ነበረ፤ ጉድለቱ ሲታወቅም ተስተካከለ። በገጠር ቤት የሚገኝ አሮጌ ሽጉጥ ግን ያ ማስተካከያ ያልደረሰው ሊሆን ይችላል።

ካዝና ያለው ሽጉጥ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ተፈጠረ። ካዝናው ሲወጣ መሣሪያው ባዶ የሆነ ይመስላል፤ ቀድሞ የተቀባበለችው አንዲት ጥይት ግን በበርሜሉ ውስጥ ትቀራለች። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገው ወዳጅነት በአገራችን የተስፋፉት ማካሮቭና ቶካሬቭ ሁለቱም ካዝናቸው ወጥቶም ይተኩሳሉ። ማካሮቭ በእጅ የሚዞር መጠበቂያ አለው፤ ቶካሬቭ በመጀመሪያው ሥሪቱ መዶሻውን በግማሽ ከማቆም በቀር ሌላ መጠበቂያ የለውም። ክላሽንኮቭም ካርታው ስለተነቀለ ብቻ ባዶ አይሆንም። ሥርዓቱን የሚገለብጥ ሰው፣ ማለትም ካርታውን ሳይነቅል አስቀድሞ ቃታውን ስቦ የሚለቅቅ፣ አንዲቱን ጥይት አስወጥቶ ሌላዋን ያጎርሳል፤ ከዚያ በኋላ ካርታውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ይላል።

በአጠቃላይ መሣሪያው በዘመነ ቁጥር ጎርሷል ወይስ አልጎረሰም የሚለው ዕውቀት ከዓይን ወደ እምነት ተዛወረ። አደጋው የሚደርሰውም እምነቱ ከእውነቱ ሲለይ ነው።

አደጋው የሚጠመድባቸው ልማዶች

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙ መሣሪያ ከተበተነው ሠራዊት ወደ ገጠሩ ገባ። በ2014 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ የተካሄደው ጦርነትና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ያንኑ አባብሰውታል። በደጋው ኑሮ መሣሪያ ከብት መጠበቂያ፣ የክብር ምልክትና የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ባለቤቱን «ጣለው» ብሎ መምከር ሰሚ አያገኝም። አደጋውን የሚጠምዱትን ልማዶች ለይቶ መናገር ግን ይቻላል።

የመጀመሪያው አቀባብሎ ማስቀመጥ ነው። ሌባ ወይም ጅብ ቢመጣ እንዳይዘገይ የሚል ሰው መሣሪያውን እንደተቀባበለ ምሰሶ ላይ ይሰቅለዋል። ሌሊት የሚፈራው ጅብ ሳይመጣ፣ ቀን ልጁ ደርሶ ያወርደዋል። ሁለተኛው አያያዝ ነው። ሽጉጥን ያለ አፎት በቀበቶ ሥር መሸጎጥ፣ ጠመንጃን በአፈ ሙዙ ይዞ መጎተት፣ አፈ ሙዙን በእግር ጣት ወይም በመዳፍ ላይ አሳርፎ መቆም፣ ከፈረስ ወይም ከመኪና ሲወርዱ ማቀበል፣ እነዚህ ሁሉ ቁስሉን በየቦታው ያሳርፉታል። በመሸጎጥ የመጣ ቁስል በጭን፣ በዳሌና በብልት አካባቢ ይገኛል፤ በመደገፍ የመጣው በመዳፍና በእግር ነው። ቁስሉ ልማዱን ይናገራል።

ሦስተኛው ጽዳት ነው። መሣሪያ የሚወልወለው ባዶ ነው ተብሎ ስለሚታመን በዚያ ሰዓት ጥንቃቄው ይላላል። አራተኛው የደስታና የኀዘን ተኩስ ነው። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የተለቀቀ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፤ ፉከራው ሲሞቅም አፈ ሙዙ ከሰማይ ወደ ሰው ይዘቀዝቃል፤ መጠጥ ሲጨመርበት ይብሳል። አምስተኛው አሮጌ ጥይት ነው። ከሸፈ የተባለ ጥይት ዘግይቶ ሊተኩስ ስለሚችል ወዲያው ከፍቶ ማየት ወይም አፈ ሙዙን ወደ ራስ ማዞር አይገባም።

አሜሪካዊው የተኩስ አሠልጣኝ ጄፍ ኩፐር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋቸው አራት ሕጎች እነዚህን ሁሉ ያጠቃልላሉ። ማንኛውንም መሣሪያ እንደጎረሰ ቆጥሮ መያዝ፣ አፈ ሙዙን ሊያጠፉት ወደማይፈልጉት ነገር አለማዞር፣ ዒላማ ላይ እስኪያነጣጥሩ ጣትን ከምላጭ ማራቅ፣ ዒላማውንና ከኋላው ያለውን ለይቶ ማወቅ። የሕጎቹ ጥበብ ተደራራቢነታቸው ነው፤ አንዱ ሲጣስ ሌላው ሞትን ያስቀራል። ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ ቢያንስ ሁለቱ በአንድነት ሲጣሱ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ አምስተኛ ይጨመር፤ መሣሪያውና ጥይቱ ተለያይተውና ተቆልፎባቸው ይቀመጡ።

ደም፣ ካሳና ሕግ

በወሎ በደም የተፈላለጉ ወገኖችን አበጋሮችና የአገር ሽማግሌዎች ደም በማድረቅ ሥርዓት ያስታርቃሉ። በዚህ ሥርዓት ፊት «ባረቀበት» የሚለው ቃል ከባድ ሚዛን አለው፤ ካሳውንም፣ በቀሉንም፣ የሁለት ቤተሰቦችንም ዕድል ይወስናል። በመንግሥት ሕግ በኩል የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን፣ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል መጉዳትን ያስቀጣል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ይዞታን ከፈቃድና ከምዝገባ ጋር አያይዟል።

ከዚህ የተነሣ ቃሉን ለመጠቀም የሚገፋ ጥቅም በሁለቱም ወገን አለ። የተኳሹ ዘመድ ቅጣት እንዲቀልለት፣ የሟቹ ቤተሰብ አንዳንድ ጊዜ ሟቹ ራሱን ማጥፋቱ እንዳይነገር፣ ሌላ ጊዜም የቤት ውስጥ ጠብ እንዳይገለጥ «ባረቀበት» ማለትን ይመርጣሉ። ሕፃን የሞተበት አባትም እውነቱን መናገር ከኀዘኑ በላይ ይከብደዋል። በእነዚህ ሁሉ መካከል ቁስሉን ከማንም አስቀድሞ የሚያየው የጤና ባለሙያው ነው።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ባለሙያው ዳኛ አይደለም፤ የሚጠበቅበት ያየውን በትክክል መጻፍ ነው። ሕይወት የማዳኑ ተግባር ይቀድማል። ታማሚው ሲረጋጋ ወይም ረዳት ሲኖር፣ ቁስሉ ከመታጠቡ በፊት መግቢያና መውጫ የሚመስሉትን ቦታዎች፣ መጠናቸውንና በዙሪያቸው ጥላሸት ወይም የባሩድ ቅንጣት መኖሩን በሥዕል ላይ ማመልከት ያስፈልጋል። ልብሱም በቀዳዳው ላይ ሳይቀደድ ተጠብቆ ለሚመለከተው አካል ይሰጣል። ቀጥሎ አምስት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ፦ መሣሪያው ምን ዓይነት ነው? በማን እጅ ነበር? ምን ሲደረግበት ነበር? ጎርሶ እንደነበር ይታወቅ ነበር? ከዚያ በፊት የት ተቀምጦ ነበር? መልሱ በተናጋሪው ቃል ይጻፋል፤ የባለሙያው አስተያየት ከዚያ ተለይቶ ይሰፍራል።

ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም ለዚህ ስፍራ አዘጋጅቷል። ከደብሊው 32 እስከ 34 ያሉት ኮዶች ለአደጋ፣ ከኤክስ 72 እስከ 74 ያሉት ራስን ለመጉዳት፣ ከኤክስ 93 እስከ 95 ያሉት ለጥቃት፣ ከዋይ 22 እስከ 24 ያሉት ሐሳቡ ላልታወቀ ጉዳት ናቸው። ባልታወቀ ጊዜ «አልታወቀም» ብሎ መመዝገብ ሐቀኝነት ነው፤ «ባረቀ» ብሎ መዝጋት ግን ያልተመረመረን ነገር እንደተመረመረ ያስመስላል።

በደጋው አስታማሚ ታጥቆ ሊመጣ ይችላልና የተቋሙም ጥበቃ አይዘንጋ። መሣሪያ ከታካሚ ክፍል ውጭ በጥበቃ ወይም በፖሊስ እጅ ይቆይ። በታማሚው ልብስ ውስጥ ሽጉጥ ከተገኘ ያልሠለጠነ ሰው ካዝናውን ልንቀል ወይም ላቀባብል አይበል፤ ሰዎችን አርቆ፣ አፈ ሙዙ ወደ ሰው እንዳይዞር ተጠንቅቆ፣ የሚያውቀውን ይጥራ። ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ደግሞ የመሣሪያው አቀማመጥ እንደ መድኃኒቱ አወሳሰድ ሊመከርበት ይገባል። በቤቱ ተስፋ የቆረጠ ወይም በአእምሮ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ካለ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት እንዲወጣ ዘመድን ማግባባት የሕክምናው አካል ነው፤ የመቅደላ መኳንንት እጅ ለአፍታም ቢሆን ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ማጠቃለያ

የመሣሪያ አደጋ ታሪክ የሚያሳየው አንድ እውነት ነው። ምክንያቱ የታወቀ አደጋ ይቀንሳል፤ ምክንያቱ በቃል የተሸፈነ አደጋ ይደጋገማል። ከመጠን በላይ የጎረሰው መድፍ፣ መዶሻው በጥይት ላይ ያረፈው ሽጉጥ፣ ካዝናው ወጥቶ ጥይት የቀረበት ማካሮቭ፣ ሁሉም በየዘመናቸው «ድንገት» ተብለው ነበር፤ ሁሉም ግን ሲመረመሩ ምክንያት ተገኝቶላቸዋል። በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ያሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ያለ ተጨማሪ በጀት ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ፤ በጥይት ለቆሰለ ለእያንዳንዱ ሰው አምስቱን ጥያቄዎች ጠይቆ መልሱን መጻፍ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ መዝገብ በየትኛው ቤት፣ በየትኛው ልማድና በየትኛው መሣሪያ ምክንያት ልጆች እንደሚሞቱ ይናገራል። የወረዳ አስተዳዳሪውም፣ ሽማግሌውም፣ ቄሱም፣ ሼኹም በስብከትና በጉባኤ የሚናገሩት ተጨባጭ ነገር ያገኛሉ። መብረቅን ማንም አይከለክለውም፤ የተቀባበለ ጠመንጃን ግን የሰቀለው እጅ ሊያወርደው ይችላል።